የሦስት መቶ ብር ሰላምታ

«የእናንተስ አገር በልጉ እንዴት ነው? ዘነበ?» አለ ደርበው፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ።

ልጁ ወይኒቱ ከጎኑ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰዓቱን ታያለች። የተከፈለው ለአርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሃያው አልቋል። እስካሁን የተወራው የጤና፣ የቤተሰብና የአዝመራ ነገር ብቻ ነው። የሥነ ልቦና አማካሪዋ ፋጢማ ከአዲስ አበባ ሆና በኢሞ ቪዲዮ ፈገግ እያለች ትመልሳለች። የደሴ ልጅ መሆኗን ካወቀ ወዲህማ ደርበው ጭራሽ ተመቸው።

ወይኒቱ ከገጠር መጥታ፣ ቡሬ ከተማ ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ትምህርቱን ትችለዋለች። የፈተና ወረቀት ሲሰጣት ግን ልቧ ይደልቃል፣ እጇ ይደነዝዛል፣ ያጠናችው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። የሞዴል ፈተናውን ባዶ ወረቀት መልሳ ነው የወጣች። የ2010 ማትሪክ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል፤ እሱንም ባዶ ከመለሰች ትምህርቷ እዚያው ላይ ያበቃል። ጠበልም ተጠምቃ ቀለል ብሏት ነበር፤ ፈተና ሲመጣ ያው ሆነ።

ፋጢማን ፌስቡክ ላይ ያገኘቻት የወይኒቱ ጓደኛ ሄቨን ናት፤ ስልኩም የእሷ ነው። «ፎርሙን ስትሞዪ ላንቺ ብቻ የሚሆን ፕሮግራም ታወጣልሻለች፤ አሪፍ ናት ባክሽ» አለቻት። ለአንድ ቀጠሮ ሦስት መቶ ብር ነው። ደርበው ይህን ሲሰማ የጤና መድን ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ ለሄቨን ሰጣት። ደብተሩ ለጤና ጣቢያ እንጂ ለስልክ ሐኪም እንደማይሆን እስክታስረዳው ድረስ ሄቨን ሳቋን ማፈን አቃታት። እሱ ግን አላንገራገረም። ክረምት ሲወደድ እሸጠዋለሁ ብሎ ያስቀመጠውን በርበሬ ገበያ አወጣና የሁለት ቀጠሮ ከፈለ። «ልጄ ከበርበሬ ታንሳለች እንዴ?» አለ፤ በቃ።

እንግዲህ በእነደርበው አገር ልጅ ሲታመም ሐኪም ፊት የሚናገረው አባት ነው። ልጅ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ደግሞስ ሰላምታውን ሳያደርስ ወደ ጉዳዩ የሚሮጥ ምኑን ሰው ሆነ? ስለዚህ ፋጢማ «ወይኒቱስ እንዴት ናት?» ስትል መልሱን እሱ ነጠቀ። ምንም አትል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ድንጋጤ ቢጤ ነው እንጂ ጎበዝ ናት አለ። ጉብዝናዋን ሲዘረዝር ሰዓቱ አለቀ። ሐኪሟ ሰው አክባሪ ናቸው ብሎ እያመሰገነ፣ ደስ ብሎት ወደ አገሩ ተመለሰ።

ወይኒቱ ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ ትዝ ሲላት አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ትናደዳለች። አባትን ውጣ ማለት ነውር ነው። ዝም ካለች ደግሞ የቀረችው አንዲት ቀጠሮ በበልግ ወሬ ማለቋ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ደርበው ስንቋን ተሸክሞ መጣና እንደ ልማዱ ፍራሹ ላይ ተመቻቸ። ሄቨን ስልኩን ከፍታ ስታቀብል ወይኒቱ ቀድማ ተቀበለቻት።

«አባባ፣ ዛሬ እኔው ልናገር» አለች። «እርስዎ እያሉ አፌ አይፈታም። ያፍሩብኛል ብዬ እፈራለሁ።»

ደርበው ትክ ብሎ አያት። የተቆጣ መስሏት ደነገጠች። እሱ ግን ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ።

«እኔ እኮ ዝም ብንላቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ነው» አለ። «በይ፣ ሰላምታዬን እንዳትረሺ።»

ሄቨንን አስከትሎ ወጣና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ፋጢማ ስልኩ ላይ ብቅ አለች።

«ወይኒቱ፣ እንዴት ነሽ?»

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። ተወችው።

«ደህና አይደለሁም» አለች።