ጀልባዋን ያሳለፈ ወንፊት

ዕድላዊት «ዕድሌ» ብላ ጻፈች። ጎተራው ምንም አላመጣም። ፊደሉን አስተካክላ ደግማ ጻፈች። አሁንም ባዶ ነው።

አጠገቧ አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠችው ሳሊሃ ቆሎ እየቆረጠመች ላፕቶፑ ላይ፣ ጌሙ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ፋብሪካ በኩራት ታያለች። «አየሽው? ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ እየሠራ ነው። ቀሽት ነው አቦ» አለች።

እውነቷን ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው የብረት ማዕድን በቱቦ እየተንሸራተተ ምድጃው ውስጥ ይገባል፤ ቀልጦ ሲወጣ ሌላው ማሽን ሐዲድ አድርጎ ይቀጠቅጠዋል፤ ሐዲዱም ተመልሶ ጎተራ ይገባል። ጎተራ የሚሉት በገመድ የተያያዙትን ሳጥኖች ነው። ሳጥኖቹ ግድግዳ ሙሉ ቢሆኑም አንዱንም መክፈት አያስፈልግም፤ የሚፈልጉትን ዕቃ ስም መጻፍ ብቻ ይበቃል። ጌሙ ሲወጣ ይህ ሁሉ አልነበረበትም። ሌሎች ተጫዋቾች ሠርተው የቀጠሉበት ነው፤ ሞድ ይሉታል። የዕቃዎቹ ስም ምላስ የሚያስር እንግሊዝኛ ስለሆነ ዕድላዊት ጓደኛዋን ስታስተምር ለሁሉም የቤት ስም አወጣችላቸው። ማከማቻው ጎተራ፣ ገመዱ ጅማት፣ የሚያልፈውን ከማያልፈው የሚለየው ትንሽ ሳህን ደግሞ ወንፊት። ሰኞ ለትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክበብ ሊያሳዩት ተዘጋጅተዋል።

ዕድሌ ግን የጀልባ ስም ነው። ታላቅ ወንድሟ ተድላ ዱከም ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ላፕቶፑን ተወላት። ከመሄዱ በፊት የመጨረሻ የሠራት ዕቃ ያቺ ጀልባ ናት። ስሟን ጽፎባት፣ «እስክመለስ እንዳትነጂያት። ያንን ባሕር አብረን ነው የምንሻገረው» ብሏት ነበር። ነገ ይመጣል።

«ሳሊ፣ ጀልባዬን ነክተሻታል?»

«ኧረ አተረፍኩልሽ እንጂ» አለች ሳሊሃ። «ምድጃው ማገዶ አልቆበት ቆመ። ከጎተራው እንጨት እንዲስብ ቀጠልኩለት። ከዛ ጀልባሽም እንጨት ናት፣ ተስባ እንዳትሄድ ብዬ ወንፊቱ ላይ አደረግኳት።»

ዕድላዊት ክው አለች። በዚህ ጌም ወንፊቱ ላይ ምስሉ የተደረገ ዕቃ ያልፋል፤ ያልተደረገው ይቀራል። ሳሊሃ ልትጠብቃት ብላ ጀልባዋን በገዛ እጇ ለእሳት ጠቁማታለች።

«አቃጠልሻት።»

«ምን?»

«ወንፊቱ ላይ ያለው ነው የሚያልፈው። ማገዶ አደረግሻት። ወንፊት አታውቂም እንዴ? እናንተ ቤት ዱቄት አይነፋም?»

ሳሊሃ እፍኟ ውስጥ የቀረውን ቆሎ ቀስ ብላ ወደ ሳህኑ መለሰች። «ይነፋል» አለች። «እኛ ቤት ወንፊት ላይ የቀረ ነገር አይወርድም።» ሻርፗን አስተካክላ ተነሣች። «እናቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

ሌላ ቀን የቆርቆሮውን በር አንጓግታ ነበር የምትወጣው። ዛሬ ሲዘጋ አልተሰማም።

«ትሂዳ» አለች ዕድላዊት ለራሷ። ትንሽ ቆይታ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት። ጀልባ ማለት ጥቂት ሳንቃ ነው። ጎተራውን አዘዘችው፤ ዐይን ሳይጨፈን ሠርቶ ሰጣት። ስሟን ጻፈችባት፤ ዕድሌ። ቁርጥ የድሮዋን መሰለች። ተድላ አገላብጦ ቢያያት እንኳ አይለያትም። ሳሊሃም ምንም አላጠፋችም ማለት ነው። ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል።

እሷን ግን ደስ አላላትም። የጀልባዋን ምስል ልታነሣ ወንፊቱን ስትከፍት፣ ስሙን ያወጣችለት ቀን ትዝ አላት። ሳሊሃ «ወንፊት ስትይ እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር። «ወንፊት ነዋ፣ ፋራ» ብላ ሳቀችባት። ሳሊሃም አብራት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስለ ምንም ዕቃ አልጠየቀቻትም።

ዕድላዊት ላፕቶፑን በሻርፕ ጠቅልላ ወጣች። የጅማውን መንገድ የሚሻገር ሰው እንደማያዩ ሁሉ የሚከንፉትን ሚኒባሶች አሳልፋ ተሻገረች።

በሩን የከፈቱላት የሳሊሃ እናት ናቸው። «ኮቱ፣ ሴኒ» አሏት፤ ነይ ግቢ ሲሉ። «ምን አድርገሻት ነው? ከመጣች አፏን አልከፈተችም።»

«እሱን ልነግራት ነው የመጣሁት» አለች ዕድላዊት አንገቷን ደፍታ።

ሳሊሃ ጓዳ ተቀምጣ ከገመድ የወረደ ልብስ ታጥፋለች። ቀና አላለችም። ዕድላዊት አጠገቧ ቁጭ አለችና ላፕቶፑን ከፈተች። ሳሊሃ በዐይኗ ጥግ ስታይ እጇ ላይ የነበረው ሹራብ ወደቀ።

«ዕድሌ እኮ ናት። አልተቃጠለችም?»

ፊቷ በአንዴ በራ። ዕድላዊት ዝም ብትል በቂ ነበር። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ዝም ብቻ።

«አይደለችም» አለች። «አሁን የሠራኋት ናት። የድሮዋ ተቃጥላለች።»

«ታዲያ ለምን ስሟን ጻፍሽባት?»

«ልዋሽ።»

«ማንን?»

«ሁላችሁንም።»

ሳሊሃ ሹራቡን አንሥታ እጅጌውን ማስተካከል ጀመረች። ብዙ አስተካከለችው።

«ስሙ ነው ያሳሳተሽ» አለች ዕድላዊት። «ስሙን ነገርኩሽ እንጂ ሥራውን አልነገርኩሽም።»

«ስጠይቅሽም ፋራ ብለሽኛል።»

«ብዬሻለሁ። ይቅርታ።» ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋችላት። «አንቺ ሌላ ስም አውጪለት።»

ሳሊሃ ወንፊቱን ከፍታ አየችው። አንድ ዕቃ አደረገችበት፤ አለፈ። አነሣችው፤ ቀረ። ደገመችው። «በር ነው እኮ ይሄ» አለች። «የፈቀድሽለት ይገባል፣ ያልፈቀድሽለት ውጭ ያድራል። ባልበላ እንበለው።»

ሰበታ ያደገች ልጅ ባልበላ በኦሮምኛ በር መሆኑን አታጣውም። የዕድላዊት ጆሮ ግን በአማርኛ ሰማውና ከንፈሯን ነከሰች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ጀልባዬን ካሳለፈ በኋላ ባልበላ ኖሮ እያለ የሚጸጸት መሰለኝ።»

ሳሊሃ ላለመሳቅ ታገለች። አልቻለችም። ሹራቡን አፏ ላይ ይዛ ስትንከተከት እናቷ ከውጭ «ታረቃችሁ?» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ሳሊሃ ወደ ጀልባዋ ተመለከተች። «ለተድላስ?»

«እንደሆነው እነግረዋለሁ።»

«ይቆጣል?»

«እንጃ። ያዝናል መሰለኝ።» ዕድላዊት ከአዲሷ ጀልባ ላይ ስሙን አንድ አንድ ፊደል እያለች አጠፋችው። «ነገ ከምሳ በኋላ ነይ። ባሕሩን ሳይሻገር አይሄድም።»

«ጀልባ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው። አንቺና እሱ ናችሁ።»

ዕድላዊት ጎተራው ላይ ለሁለተኛ ጀልባ ማዘዣውን ከፈተች። «ስንት?» ብሎ ጠየቃት። «አንድ» ብላ ጻፈችና፣ የማዘዣውን ቁልፍ እንድትጫን እጇን አንሥታ ለሳሊሃ ቦታ ለቀቀችላት።