ይግባኝ ያልተባለበት ፍርድ

ልብስ ሰፊው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ሦስት ጊዜም ግራ ገባው። የመጣው ከባሕር ማዶ፣ ከዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ነው። «አቤቱታው ተቀባይነት የለውም» ይላል። ታዲያ ወንድሙ አልተደበደበም ማለት ነው? ሁለት ዓይን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ በአንድ ዓይን የወጣው ሾፌሩ ወንድሙ ውሸታም ሆነ ማለት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሙ ያቀረበውን ክስ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት «በቂ ማስረጃ የለም» ብሎ ሲዘጋው፣ ዳኛዋ በስልሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ተናግረው ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ከቁብ አልቆጠረውም። ሱቁን የሚያዘወትሩት ሰዎችም «እዚህ ያሉት ዳኞች ሁሉ ያው ናቸው፣ በቀጥታ ወደ ትልቁ ፍርድ ቤት ጻፍ» እያሉ ልቡን አሳበጡት። መቀሱን አስቀምጦ ፊርማ ሲለቅም ከረመ። ሰፈሩ አንድ ሳይቀር ፈረመ። ፈርም ያልተባለ ሰው ቢኖር ዓይኑን ያጣው ወንድሙ ብቻ ነው። ታላቅ እያለለት ታናሽ ምን አስጨነቀው!

ደብዳቤውን ይዞ፣ የችሎት ካባዋን ሲሰፋላት ወደ ኖረች ጠበቃ ሄደ። እስከዚያ ቀን አንድም ነገር ጠይቋት አያውቅም።

«ውሸት ነው አላሉም፣ ጋሼ» አለችው። «እውነት ይሁን ውሸት ገና አላዩትም።»

«አርባ ገጽ ልኬላቸው እንዴት አላዩትም?»

«መጀመሪያ የሚጠይቁት ሌላ ነው። አገራችሁ ያለውን ፍርድ ቤት እስከ መጨረሻው ሄዳችሁበታል? ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ የተቆረጠው ጊዜ ሳያልፍ መጥታችኋል? አቤት ያለው ተበዳዩ ራሱ ነው ወይስ ውክልና የሰጠው ሰው?»

«እዚህ ፍትሕ እንደማይገኝ እያወቅኩ ለምን ልልፋ?»

«በምን አወቁ? አልጠየቁም እኮ። በሩ በእርግጥ ተዘግቶብዎት ቢሆን፣ ያንን አስረድተው ማለፍ ይቻል ነበር። ጥርጣሬ ብቻ ግን አይበቃም።»

ስልሳው ቀን ካለፈ ወራት ሆኖታል። የቀረው መንገድ በቂ ምክንያት ጠቅሶ፣ ዘግይቶ ይግባኝ ለማለት የሚያስፈቅድ ማመልከቻ ማቅረብ ነው፤ እሱም ሊፈቀድ ወይም ሊከለከል ይችላል።

ማታውኑ ለወንድሙ ነገረው።

«ዳኛዋ ስልሳ ቀን ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ» አለው ወንድሙ። «አንተ ይዘኸዋል ብዬ ነው የተውኩት።»

ወገኖቼ፣ ለተበደለ ሰው መቆርቆር መልካም ነው። ነገር ግን ተበዳዩን ሳንጠይቅ፣ የይግባኙን ቀን ሳንቆጥር፣ እዚሁ ያለውን ችሎት «አይረባም» ብለን ስናልፈው፣ በሩን የምንዘጋበት እኛው ነን። ሩቅ ያለው ዳኛ አስቀድሞ የሚጠይቀን ቅርብ ላለው ምን እንዳልነው ነው።

በማግስቱ ወንድማማቾቹ አብረው ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄዱ። ልብስ ሰፊው አሁንም ነገሩ ሁሉ አልተገለጠለትም፤ ማመልከቻው ይሳካ እንደሆነም አያውቅም። ጸሐፊዋ በቅጹ ላይ «የዘገያችሁበት ምክንያት» የሚለውን ባዶ ቦታ አሳየችው። ብዕሩን አነሣ። ከዚያም «ወንድሜ አልዘገየም፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ።