የዳማው ግራ እግር

እዮብ ኮምቦልቻ ያለው የሐውልት መሥሪያዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ እስከ ክርኔ ሲሚንቶ ተለውሼ ነበር። ዙሪያውን ቃኘና «እህቴ፣ ባለሙያውን ትጠሪልኛለሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፤ ፋሲካ እባላለሁ» አልኩት።

ጆሮው ሳይቀር ቀላ። ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት አለው፤ ሰው ማየት ሥራው ነው፤ እኔን ግን ሳያየኝ ቀረ። እንዲያ ሲያፍር ነው መሰለኝ የወደድኩት።

የመጣው አክስቱ ወይዘሮ ሙሉመቤት ልከውት ነው። ባለቤታቸው አቶ ካሳዬ ታመው አልጋቸው ላይ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ለመቃብራቸው በሚወዱት ዳማ ፈረስ ላይ እንደተቀመጡ ሐውልት እንዲሠራላቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት ፈለጉ። ፈረሱን ለማየት ደሴ ሄድኩ። የግቢውን በር ሳንኳኳ፣ በአጥሩ ክፍተት የሚታየኝ ዳማው ግራ የፊት እግሩን አንሥቶ ቆመ።

«ካሳዬ በከዘራው በሩን ሲመታ እንዲህ አድርጎ ነበር የሚጠብቀው» አሉኝ ወይዘሮ ሙሉመቤት እንባ አቅርረው።

እኔም እንደዚያው አድርጌ ሠራሁት፤ ግራ እግሩን አንሥቶ።

እዮብ ሥራውን ልይ ብሎ ይመላለስ ጀመር። ሲሚንቶ ሲደርቅ ለማየት ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ፎቶ አንሺ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የምናወራው ስለ ፈረስ ነበር፤ የምናስበው ግን ሌላ ነው።

በሙት ዓመቱ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሐውልቱ ሲገለጥ ሰው ሁሉ አደነቀ። እዮብን አላስችል አለው። ዘመድ አዝማድ ፊት ቆመና ንግግር ጀመረ።

«የፈረስ ሐውልት ሕግ አለው፤ ሠሪዋ አዋቂ ናት! አራቱም እግሮች መሬት ከነኩ ጋላቢው በሰላም ሞቷል ማለት ነው። ሁለቱ ከተነሡ ጦር ሜዳ ወድቋል። አንዱ ከተነሣ ደግሞ በጦርነት ቆስሎ፣ በዚያው ቁስል...»

እዚህ ላይ ቆመ። ምን እንደተናገረ ዘግይቶ ገባው።

የሟቹ አብሮ አደግ አቶ ገበየሁ ቀስ ብለው «ካሳዬ የት ቆሰለ?» አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። የበሩን ነገር ለሰዉ እንዲነግሩት ለመንኳቸው፤ ሰበብ ፈለገች ይሉኛል ብለው እምቢ አሉ።

«እግዚአብሔር ቤት ውሸት አቆመች ከምባል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እግሩን አውርጂልኝ ልጄ» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚያ ቀን ኮምቦልቻ እስክደርስ ድረስ ቀና ብዬ ሰው አላየሁም።

እዮብ ደወለ፤ አላነሣሁም። ደጋግሞ ደወለ። ምን ልበለው? ያሳፈረኝ የሰዉ ሳቅ ብቻ አልነበረም። እንዲህ አዋርዶኝም ስለናፈቀኝ በራሴ አፈርኩ።

እሑድ መሮና መዶሻዬን ይዤ ሐውልቱ ሥር ቆምኩ። ከቅዳሴ የወጣው ሰው ከበበኝ። መሮውን የፈረሱ ጉልበት ላይ አስጠግቼ መዶሻውን አነሣሁ።

«ፋሲካ፣ ቆይ!» አለ እዮብ።

ዳማውን ስቦ አምጥቶ ከግቢው ውጭ አቁሞት ነበር። እሱ በእጁ የአቶ ካሳዬን ከዘራ ይዟል። የተከፈተውን የግቢውን የቆርቆሮ በር በከዘራው መታ። ዳማው ግራ የፊት እግሩን አነሣና ጠበቀ። ጠበቀ... የሚጠብቀው ሰው አልመጣም።

ወይዘሮ ሙሉመቤት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

እዮብ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ ሲመጡ እንዲህ ነበር የሚቀበላቸው። ሐውልቱ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «ያን ወሬ ስልኬ ላይ አይቼ ሳላጣራ አወራሁት። ቆይቼ ሳጣራ እንዲህ የሚባል ሕግ የለም። እግሩን ባነሣ ፈረስ ላይ የተቀረጸ ስንት ሰው አልጋው ላይ ነው የሞተው። አዋቂ ልምሰል ያልኩት... ፋሲካ እንድታየኝ ነው።»

አቶ ገበየሁ ዳማውን አዩ፤ ሐውልቱን አዩ፤ ከዚያ እዮብን።

«ታዲያ አየችህ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። ወይዘሮ ሙሉመቤት መሮውን ከእጄ ወሰዱና «እግሩ እንዳለ ይቆይ። አንቺ ለልጁ መልሺለት» አሉኝ።

አሁንም አፍሬያለሁ፤ ግን መሬት እንድትውጠኝ አልፈለግኩም።

«ባለሙያውን ጥሪልኝ ያልከኝ ዕለት ነው ያየሁህ» አልኩት።

ከጥምቀት በኋላ አቶ ገበየሁ ሽማግሌዎችን አስከትለው እኛ ቤት መጡ። በሩን የመቱት በአቶ ካሳዬ ከዘራ ነበር። አባቴ ሊከፍት ሲነሣ እኔ ቀድሜው በሩ ላይ ቆሜያለሁ።