የጣውላው ወለል

ዘነበች ሁልጊዜ ወለሉን የምትወለውለው አመሻሽ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ የደሴን ጣራዎች ከመሸፈኑ በፊት ነበር። ቤቱ የባሏ የይመር የአባቱ ቤት ነው፤ ጣሊያን የሠራው፣ ሰው በረገጠው ቁጥር ጣውላው የሚያቃስት። ይመር ጭኑ ላይ የወጣው ዕጢ እስኪጥለው ድረስ በዚህ ወለል ላይ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ተመላልሷል። ከቀበሩት ወዲህ ወለሉን በበረኪና ብታጥበው፣ ግድግዳውን ቀለም ብታስቀባው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የቁስሉ ሽታ ከጣውላው ስንጥቅ ብድግ ይላል።

ከእሱ በፊት እናቱ በጡት ካንሰር፣ ታናሽ ወንድሙ በጭንቅላት ዕጢ ሄደዋል። ጎረቤቶች፣ «በአንድ በሽታ ቢያልቁ የዘር ነው ባልን፤ ይሄ ግን መልኩን የሚለዋውጥ የቤት ጣጣ ነው» ይላሉ። ዘነበችም አመነች። ማን ይፈርድባታል? የቤት ጣጣ ከሆነ ጥሎ መውጣት ይቻላላ።

ይመርን ያከሙት ሐኪም ግን ሌላ ነገር ነግረዋታል።

«ስሚኝ ልጄ፤ በሰውነታችን ሕዋስ ሁሉ ውስጥ ዘበኛ አለ። የተበላሸ ሕዋስ እንዳይራባ ያስቆመዋል፣ እምቢ ካለም ይገድለዋል። ይመር ያንን ዘበኛ የሚሠራውን ዘረመል ከእናቱ የወረሰው ተበላሽቶ ነው። ዘበኛው ሲታጣ ዕጢው በጡትም፣ በአጥንትም፣ በጭንቅላትም ይወጣል። ልጅሽን ፋናዬን እንመርምራት። ቶሎ ካወቅን ገና በእንጭጩ እንደርስበታለን።»

«ልጄን አይንኩብኝ፣ ዶክተር። ምንም የላትም» አለች ዘነበች፣ ተነሥታ።

እርምጃውን መስማት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ጉሙ ወርዶ መብራት ሲጠፋ፣ እሷ ጓዳ ሆና፣ ከሳሎን አንድ ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ በጣውላው ላይ የሚንሸራተት ጉትታ፤ ደግሞ ኮቴ፣ ደግሞ ጉትታ። የይመር አካሄድ ነው። ሮጣ ስትገባ ፋናዬ ብቻዋን በጨለማው መሀል ቆማ ታገኛታለች።

«ማን ነበር እዚህ?»

«ማንም የለም፣ እማ።»

አንድ ምሽት እርምጃው እየጎተተ እስከ ጓዳው በር መጥቶ ቆመ። ከበሩ ማዶ ትንፋሽ ሰማች፤ ቀጥሎ ጣውላውን የሚቧጭር ጥፍር። ዘነበች በሩን በትከሻዋ ደግፋ፣ «ልጄን አልሰጥህም!» እያለች ጮኸች። ጸጥ ሲል ከፈተችው። ፋናዬ ደፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ለጥቂት ሳይወስዳት ቀረ ብላ አምላኳን አመሰገነች።

በማግሥቱ ለቀቁ። ጎረቤቶች ከዚያ ቤት ስንጥር እንኳ ይዛ እንዳትወጣ ስለመከሯት አልጋውን፣ ድስቱን፣ የይመርን ፎቶ ሳይቀር ትታ፣ ልጅቷንም በራፍ ላይ ልብሷን አስወልቃ በተዋሰችው ቀሚስ ሸፍናት ኮምቦልቻ ወረደች። የተከራየችው ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ አያቃስትም። ሽታውም የአዲስ ኖራ ብቻ ነው። ዘነበችን ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

አንድ አመሻሽ ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ከጀርባዋ ሰማችው። ኮቴ፤ ከዚያ ጉትታ። ዞር አለች።

ፋናዬ ቀኝ እግሯን በሲሚንቶው ላይ እየጎተተች ወደ እሷ ትመጣለች።

«እማ፣ ጭኔን ደግሞ አመመኝ» አለች ልጅቷ። «እዚያ ቤትም ሲመሽ ያመኝ ነበር። በሩን ስትዘጊብኝ ልነግርሽ ነበር የመጣሁት።»

ዘነበች ከዚያ ቤት ይዛ የወጣችው እሷን ብቻ ነበር።