በግማሽ የተሰማ ሕክምና

ቡና ነጋዴው ይሄይስ ቴፒ በሚገኘው ቤቱ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ አጠገቡ ሁለት ነገር ነበር፤ ማዳመጫ የተሰካበት ስልክና ያልታጠበ ብርጭቆ። ሐኪሙ ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገረም። ሟቹ የልብ መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ ብርጭቆው ሥር የቀረው ሰማያዊ ዝቃጭ ደግሞ ከዚያ መድኃኒት ጋር ከተገናኘ የሚገድል የወንድ ኃይል ክኒን ነው። በብርጭቆው የማር ብርዝ ይዛለት የገባችው ሚስቱ ህሊና በዚያው ቀን ታሰረች።

ኢንስፔክተር ማራናታ ከሚዛን መጥታ መጀመሪያ ያንኳኳችው ግድግዳውን ነበር። የሟቹን መኝታ ክፍል ከእናቱ ክፍል የሚለየው ስስ ቺፑድ ብቻ ነው።

የሟቹ ወንድም ከፈለኝ ሳሎን ጠበቃት።

«ምኑ ይመረመራል? ሚስቱ ናት። ደግሞ ፖሊሶች ስልኩን ከፍተው ሲነግሩኝ አፈርኩ። ለካስ አዲስ አበባ ካለ ሐኪም ጋር በቪዲዮ የአልጋ ሕክምና ይከታተሉ ኖሯል! ሰው ገበናውን ለስልክ ያወራል?»

«አንተስ እጅህ ላይ የከፈትከው የኳስ ውርርድ አይደል? እሱ እንኳን የሚድንበትን ነው የከፈተው።»

ከፈለኝ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ልቡን እንደሚያመው ማን ያውቃል?»

«እኔና ህሊና ብቻ። እማዬ እንዳትደነግጥ የጨጓራ ነው አልናት።»

ህሊና ጣቢያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር።

«ሐኪሙ ምን አዘዛችሁ?»

«ለጊዜው ግንኙነት ከልክሎናል። የሕክምናው የስልክ መተግበሪያ በየቀኑ ትንሽ ነገር ያዘናል፤ እጅ መያያዝ፣ ጀርባ መዳሰስ... ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ እንደ እጮኛ!» ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ። «ይሄይስ ስለ ክኒኑ ጠይቆት ነበር። ‹ከልብህ መድኃኒት ጋር ይገድልሃል› አለው። እሱም ‹በቃ፣ ክኒኑን አልወስድም› አለ። ማዳመጫውን ለሁለት ተካፍለን ነበር የምንሰማው።»

ማራናታ በመጨረሻ ወደ እናትየው ወደ እማዋይሽ ገባች።

«እማማ፣ ምን ነበር የሚያመው?»

«ጨጓራ። ሌላውንማ...» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። «ክኒኑን አልወስድም አለ እኮ! ምን ዓይነት ግትር ልጅ ነው?»

ማራናታ ሌላ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ህሊና በካቴና ታስራ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣች።

«ክኒኑ ተፈጭቷል» ስትል ጀመረች። «ለራሱ የሚወስድ ሰው ይውጣል እንጂ አይፈጭም። ስለዚህ ይሄይስ አያውቅም። ነገር ግን ገዳይ ብርጭቆውን ያጥባል፤ ይሄኛው እስኪነጋ እዚያው ቆሟል። የበጠበጠው ሰው ጥፋት መሥራቱን አላወቀም። ህሊና ግን ከሐኪሙ አፍ ሰምታለች።»

«ታዲያ እኔ ልሁን?» አለ ከፈለኝ።

«አንተ ሕክምናውንም የሰማኸው ከሞተ በኋላ ነው። የምፈልገው ሰው ይሄይስ ክኒን እንቢ ማለቱን ያውቃል፤ ለምን እንቢ እንዳለ ግን አያውቅም። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ስለነበር የሐኪሙ ድምፅ ከክፍሉ አይወጣም። በቺፑዱ በኩል የሚሰማው የይሄይስ ድምፅ ብቻ...»

«በቃ!» ከፈለኝ ብድግ አለ። «ገብቶኛል። ይቅር ኢንስፔክተር፣ ለእማዬ አይነገራት!»

«ህሊናስ ትበስብስ? ከእናታችሁ ደብቃችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት።»

እማዋይሽ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አዩ።

«ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?»

ህሊና አንገቷን አቀረቀረች። «ልቡን ያመው ነበር እማማ። ክኒኑን እንቢ ያለው ለዚያ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ልጃቸው መኝታ ክፍል በር ዞሩ።

«ክኒኑን ከገበያ አስገዝቼ ነው» አሉ። «ለእሷም አልነገርኳትም፤ ፈጭቼ ብርዙ ውስጥ በጥብጬ ‹ውሰጂለት› ብቻ አልኳት። የልጅ ልጄን ዓይን ልይ ብዬ...»

ፖሊሱ የህሊናን ካቴና ፈታ። እማዋይሽ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት።

«እማማ፣ ለመግደል አላሰቡም» አለች ማራናታ። «ቃልዎን እቀበላለሁ፤ ከዚያ ግን ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ።»

«ወደዚህ? ከዚያ ግድግዳ አጠገብ? እሰሪኝ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!»

ፖሊሱ ካቴናውን እንደያዘ ማራናታን አያት። እሷም ‹አትሰር› በሚል ራሷን ነቀነቀች። የእማዋይሽ እጆች ግን እንደተዘረጉ ቀሩ።