እማዬ ጫማዋን ያወለቀችበት አዳራሽ

ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሕፃን አልነበርኩም ልላችሁ ነው። ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ ምናምን ሲወራ ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ እዚህ አሜሪካ፣ በልትስቪል ያለችው ጓደኛዬ ቤቴ ውስጥ ኮቴ ሰማሁ ብትለኝ እንኳ "ማሞቂያሽን አሠሪ" ብያት ነው ስልኩን የዘጋሁት። እመኑኝ፣ ይህን የማወራችሁ ሌላ ምክንያት ልሰጠው አቅቶኝ ነው።

እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ከርማለች። የመመለሻዋ ቀን እየቀረበ ነው፣ እኔ ደግሞ እንድትቀርልኝ ፈልጌያለሁ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ወጥቷል፣ መኝታ ክፍሏንም ቀለም አስቀብቼላታለሁ፣ እሷ ግን "እስቲ እናያለን" ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። መላውን ያመጣው እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ነው።

"አንቺ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነሽ፣ እሷ ግድግዳ ስታይ ነው የምትውለው። ሙዚየም ውሰጃትና ከተማውን ትውደደው። አንቺም በዚያው ታዪዋለሽ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ኖረሽ ከአስቤዛ ሱቅ ሌላ የት ታውቂያለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በሜትሮ ባቡር መሃል ከተማ ወረድን። መጀመሪያ አውሮፕላኖች ከጣሪያ የተንጠለጠሉበት ሙዚየም ገባን፣ እማዬ አንገቷን ቀና አድርጋ "በዚህ ነው እንዴ የመጣሁት? ቀድሜ ባየው ኖሮ አልሳፈርም ነበር" ብላ አሳቀችኝ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ሙዚየም አዳራሽ መሃል ቆዳው ተሞልቶ ከቆመው ትልቅ ዝሆን አጠገብ ፎቶ አነሳኋት፣ ፊቷ በርቷል፣ እኔም በልቤ ልትቀርልኝ ነው አልኩ። ሦስተኛው ሙዚየም ላይ ነው ጉዱ።

ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው፣ ሰው የሌለበት፣ አንድ በር ብቻ ያለው ትንሽ አዳራሽ ጋ ደረስን። ውስጡ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ፣ የአገራችን የብር መስቀል ቆሟል። እማዬ ሳታመነታ ጫማዋን አውልቃ የበሩን መቃን ተሳለመች።

"እማዬ፣ ኧረ ቤተ ክርስቲያን አይደለም! ሙዚየም ነው።"

"መስቀሉስ?"

"መስቀሉማ መስቀል ነው…"

"እንግዲያው አንቺም አውልቂ።"

እኔ ቦት ጫማዬን መፍታቱ ከበደኝና የእሷን ጫማ ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ። እዚያ የቆመችው ጥበቃ፣ ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት፣ ትቆጣለች ስል "ተያት፣ እኔም እናት ነበረችኝ" አለችኝ። ወዲያው ሙሉጌታ ኮል አደረገ። "ወደደችው?" አለኝ። "ዝሆኑን ወዳዋለች" ብዬው ቀና ስል እማዬ የለችም።

በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ እኮ! ትከሻዬን ሳትነካ የምታልፍበት ቦታ የለም። ገባሁ፣ መስታወቱን ዞርኩት፣ ምንም። ከዚያ ሰማሁት፣ ጫማ ያላደረገ እግር ወለሉ ላይ ሲሄድ፣ ቀስ ብሎ፣ መስቀሉን እየዞረ፣ በአጠገቤ ያልፋል፣ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቀጥሎ የእማዬ ድምፅ "አሜን" አለ። ዝም። ደግሞ "አሜን"። ልክ ሰው ሲመርቃት በየመሃሉ እንደምትቀበለው፣ የመራቂው ድምፅ ግን የለም። እጄ ላይ ያለው ጫማ ደግሞ፣ በማርያም ስሙኝ፣ እግር ውስጡ እንዳለ ሁሉ እየሞቀ መጣ።

ወደ ጥበቃዋ ዞሬ "ይሰማሻል?" አልኳት።

"ይሰማኛል" አለችኝ። ሬዲዮዋን አፏ ጋ አድርሳ፣ ምን ብላ እንደምትናገር ጠፍቷት መልሳ አወረደችው። ፖሊስ ይጠራ? መጥቶ ምን ያድርግ? ሙዚየሙ ሊዘጋ ነው፣ ውጡ የሚል ድምፅ ከላይ ይጮኻል፣ እናቴ ድምፅ ሆና ትዞረኛለች፣ እኔ ጫማ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ገበያ ላይ እንደጠፋ ልጅ "እማዬ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ሆንሽ?"

መስቀሉ ፊት ቆማለች፣ መጀመሪያ ያየኋት ቦታ። ካልሲዋ ረጥቧል፣ እርጥብ ሣር ተጣብቆበታል፣ ለምለም አረንጓዴ፣ ውጭ ያለው እኮ በረዶ ነው! ጥበቃዋ ጎንበስ ብላ አንዷን ሣር አነሳች፣ ጣሪያውን አየች፣ ኪሷ ከተተቻት።

"የት ሄደሽ ነው?" አልኳት እማዬን።

"ሳይጨርሱልኝ ጠራሽኝ" አለች ተቆጥታ።

"እነማን?"

"በይ ጫማዬን አምጪ።"

ሜትሮው ውስጥ እጇን ይዤ ለመንኳት፣ እነማን ናቸው፣ ምን አሉሽ፣ እሷ መስኮቱን ታያለች። ልንወርድ ስንል ብቻ "የቀረውን አገሬ ሄጄ እሰማዋለሁ" አለች። ከማን ጋር ልከራከር? እስካሁንም ብቻዬን ስሆን ከሳሎኑ በኩል "አሜን" ይመጣ ይሆን እያልኩ ጆሮዬን አቆማለሁ፣ ቴሌቪዥኑንም አላጠፋውም።

ለሙሉጌታ ሁሉንም ነገርኩት። እንደ ልማዱ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም፣ "የተጀመረ ምርቃት አይቋረጥም፣ ትሂድና ይጨርሱላት" አለኝ። ማክሰኞ ከሥራ ቀርቶ መጣ፣ ሻንጣዋን መኪናው ላይ ጫነ፣ በረራዋን ወደዚያው ሳምንት አስቀይሮ እሱ ራሱ ኤርፖርት አደረሳት።