የሸራው ባልዲ

«እጅዎን ያንሱ! ይህ የአባቴ ደብተር ነው!»

«የሳይንስ ነው፣ አንቺ ልጅ! አባትሽ በመጨረሻዋ ጠዋት ሐሳባቸውን ቀይረዋል፤ ገጹን አንብቢው!»

ኢንስፔክተር ሰገነት እንጦጦ ዳገት ላይ ካለችው የጭቃ ቤት ስትደርስ፣ ናዝሬትና የባሕር ተመራማሪው ዶክተር ሕዝቅኤል አንድ አሮጌ ደብተር ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተቱ ነበር። እዚያ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት የናዝሬት አባት ሻምበል በርናባስ ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከቤቱ ሥር ካለው ገደል ወድቀው፣ ሞተው ተገኝተዋል።

«ስጡኝ» አለች። ሰገነት ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል። ሰጧት።

ሻምበሉ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል መርከበኛ ሳሉ፣ ቀይ ባሕርን በሸራ ባልዲ እየቀዱ ሙቀቱን ይመዘግቡ ነበር። ሕዝቅኤል እነዚያን ቁጥሮች ከዛሬው ልኬት ጋር አስተያይቶ፣ ባሕሩ ምን ያህል እንደሞቀ የሚናገር ጥናት አዘጋጀ። ሻምበሉ ግን ቁጥሮቹ ያሉበትን ደብተር ከለከሉት።

«ለምን?» አለች ሰገነት።

«ሸራ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ነፋስ ሲነካው ይቀዘቅዛል» አለች ናዝሬት። «የድሮው ቁጥር ከባሕሩ ሙቀት ያነሰ ነው። ያ ካልታረመ የዛሬው ጭማሪ እጥፍ ይመስላል። አባዬ ‹ባሕሩ ሞቋል፤ እውነቱ ይበቃል። በላዩ ከዋሸን እውነቱንም የሚያምነን የለም› ይል ነበር።»

ስለዚህ ሻምበሉ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የቆርቆሮና የሸራ ባልዲ ከአንድ ጀሪካን ሞልተው አጥሩ ላይ ይሰቅሉ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር አንብበው በዚያው ደብተር ይጽፉ ነበር። ውሃውን ከምንጭ የሚያመጡትና አብረው የሚያነቡት ጎረቤታቸው ጋሽ ገበየሁ ናቸው።

ሰገነት የመጨረሻውን መስመር አየች፦ «ጠዋት 2 ሰዓት። ቆርቆሮ 15፣ ሸራ 15።» ቀኑ የትናንት ነው።

«ጋሽ ገበየሁ፣ ሁለቱንም ባልዲ ሞልተው ይስቀሉልኝ» አለች፣ አጥሩ ሥር ወደቆሙት ሽማግሌ ዞራ። «ትናንት አብረዋቸው ነበሩ?»

«ቅዳሴ ነበርኩ፣ ልጄ። ስመለስ ነው ያገኘኋቸው። ሣሩ በጤዛ ርሶ ነበር፤ ስናነሣቸው ግን ከሥራቸው ያለው ሣር ደረቅ ነበር።»

«ይህ ምን ይባላል?» አለ ሕዝቅኤል ባልዲዎቹን እያየ። «ባልዲ ባልዲ ነው! እኔ ትናንት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ሲ.ኤም.ሲ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሃያ ሰው ይመሰክራል።»

«ከትናንት በስቲያ አመሻሹ ላይስ?»

ሕዝቅኤል ሰዓቱን አየ። ሰገነት ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማገላበጥ ያዘች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሁሉንም አጥሩ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ከሥራቸው ያለው ሣር ደረቅ ከሆነ የወደቁት ጤዛው ሳይወርድ ነው፤ ከትናንት በስቲያ አመሻሹ ላይ። የሞተ ሰው ደግሞ በነጋታው አይጽፍም። ጠዋት በሕይወት ነበሩ እንዲባል የፈለገ ሰው ጽፎላቸዋል፤ ለጠዋቱ ምስክር ያዘጋጀ ሰው። በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ባልዲዎች አንድ ቀን እንኳ እኩል ሆነው አያውቁም። ናዝሬት ብትጽፍ ሸራውን ዝቅ ታደርገው ነበር፤ ጋሽ ገበየሁም እንደዚያው። እኩል የሚያደርገው፣ እኩል እንዲሆን የሚፈልገው ብቻ ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ያንብቡልን።»

ሕዝቅኤል ቴርሞሜትሮቹን አየ። ወደ ኋላም አንድ እርምጃ ሸሸ።

«ይናገሩ!»

«ቆርቆሮ... አሥራ አምስት። ሸራ... አሥራ ሦስት።» ከዚያ በድንገት ጮኸ። «ሰው ካልደነገጠ አይሰማም! ለሁሉም ብዬ ነው! ደብተሩን ስጡኝ አልኳቸው፣ ተናነቁኝ፣ ገፋኋቸው...»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ ለሁሉም ትላለህ?» ናዝሬት አንገቱ ሥር ደረሰች። «ነገ ዝናቡ ቀርቶ ከብቱ ሲረግፍ፣ ‹እነዚያ ቀጣፊዎች ናቸው› ብለው እውነተኛውን ማስጠንቀቂያ ሲጥሉት ማን ይጠየቃል? አንተ ነህ? በአባቴ እጅ ጽሑፍ ዋሸህ! በአባቴ እጅ!»

ከሰገነት ጋር የመጡት ፖሊሶች ያዙት። ናዝሬት ደብተሩን ከሰገነት ተቀብላ፣ የሐሰቱን መስመር ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘችው፤ ከሥሩም አሥራ አምስትና አሥራ ሦስት ብላ ጻፈች። ሕዝቅኤል አሁንም ይጮሃል፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞሯል።

ጋሽ ገበየሁ ባዶውን ጀሪካን አንሥተው፣ የነገውን ውሃ ሊቀዱ ወደ ምንጩ ወረዱ።